ቅቤ የተቀቡት ሮቦቶች

ያን ዓመት ዝናቡ የመጣው ሰው ሰማይ ማየት ከተወ በኋላ ነበር። ሞያሌ ላይ ዝናብ ሲመጣ ከድምፁ የሚቀድመው ሽታው ነው፤ ሲቃጠል የከረመ አፈር ውሃ ሲነካው የሚሰጠው፣ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ እንባ እንባ የሚያሰኝ ሽታ። ከዚያ ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ ሰው ባልዲና ጀሪካን ይዞ ከየቤቱ ይወጣል፣ ፍየሎቹ በረንዳ ለማግኘት ይጋፋሉ። አረጋሽ ያን ወቅት ስታስታውስ ቀድሞ ትዝ የሚላት እግሯ ነው። ጫማዋን አውልቃ ጭቃው ውስጥ ቆማ፣ ጭቃው በጣቶቿ መሃል እየተሽሎከለከ፣ ምንም ሳትሠራ ዝም ብላ መቆሟ። ከአገሯ ተሰዳ ወደ ኬንያው ሞያሌ ከተሻገረች ወዲህ ምንም ሳትሠራ የቆመችው ያን ቀን ብቻ ይመስላታል።

ዝናቡ ሲያባራ ከግቢው ጀርባ ያለው ቦይ ውሃው ጎደለና ቀዩ አሸዋ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ጥሎ ቀረ። ያን መስመር ያገኘችው ሐሴት ናት፣ እዚያው ግቢ የምትኖረው የምንታምር ልጅ። ያኔ ገና የወተት ጥርሷ እየወለቀ ነው። ከተበላሸ ሬዲዮ የወጣ ክብ ማግኔት በገመድ አስራ እንደ ውሻ ግልገል ስትጎትተው፣ ጥቁሩ አሸዋ እየዘለለ ተለጠፈበት። ማግኔቱ ጃርት መሰለ።

“እማዬ! ነይ እይ፣ አሸዋው ነፍስ አለው!”

እናቷ ምንታምር እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። ሐሴት አሸዋውን በጥፍሯ ለማራገፍ ብትታገል፣ ከአንዱ ጎን ሲነሳ በሌላው ሲለጠፍ፣ በመጨረሻ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ምንታምር ሳትቆጣ ተቀመጠች። ማግኔቱን በጨርቅ እያሸች አጸዳችውና ፌስታል ውስጥ ጠቀለለችው፤ እንደገና አሸዋው ውስጥ ነከረችው። ጃርቱ እንደገና በቀለ። ከዚያ ማግኔቱን ከፌስታሉ ውስጥ ሳብ ስታደርገው፣ አሸዋው ፍስስ ብሎ መሬት ወረደ።

“አየሽ? በጥፍር አትታገይው። ማግኔቱ ሲሄድበት ራሱ ይለቃል።”

ልጅቷ ያን ቀን እስኪመሽ ስትነክርና ስታስለቅቅ ዋለች። አረጋሽ በኋላ ሰዎች “ይቺ ልጅ ይሄን ሙያ ከየት አመጣችው?” እያሉ ሲጠይቋት መልሷ አንድ ነበር፤ “ከቦይ።”

ምንታምር ያን ወቅት አልተሻገረችም። ዝናቡ ያቆረው ውሃ ወባ አመጣ፣ ወባውም እሷን ወሰደ። የሐሴት አባት ልጅቷ ሳትወለድ በጭነት መኪና ወደ ደቡብ የወረደ ረዳት ነበር፤ ሞምባሳ ደረሰ ሲባል ተሰምቶ ወሬው ጠፋ። ግቢው ውስጥ የቀሩት ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ አረጋሽ፣ የጭነት መኪና ሸራ ሰፊ፣ ክርስቲያን፣ ያላገባች ሳይሆን አግብታ የተወች። ሁለተኛዋ ሀሊሞ፣ ጎልቦ የሚባለው ቆላ ሰው፣ ሙስሊም፣ ከዘመዶቿ የሚላክላትን የግመል ወተት በገበያ የምትሸጥ መበለት። ልጅቷን ማን ይውሰድ ተብሎ አልተመከረም። ከቀብር የተመለሱ ዕለት ማታ እንደ ልማዳቸው ግቢው ውስጥ ለእራት ተቀመጡ፤ ምንታምር ትቀመጥበት የነበረው ቦታ አፉን ከፍቶ ቀረ። ማንም ወደዚያ አላየም። ሀሊሞ ግን ተነሳች፣ ምንጣፏን ሳብ አድርጋ ልጅቷ አጠገብ አነጠፈች። አረጋሽም በርጩማዋን ከወዲያ ጠጋ አደረገች። ክቡ ጠበበና ተዘጋ። ሐሴት ከዚያ በኋላ ያደገችው በዚያ በጠበበው ክብ መሃል ነው።

አረጋሽ ዘንድ አማርኛ፣ ሀሊሞ ዘንድ ቦረንኛ፣ ትምህርት ቤት ስዋሂሊ ትናገር ነበር። አረጋሽን “እትዬ” ትላታለች፣ ሀሊሞን “አዮ”፤ እናቴ ማለት ነው። በፋሲካ አንደኛዋ ታለብሳታለች፣ በኢድ ሁለተኛዋ። ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ ለናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት የደረሰች ጊዜ ሁለቱ ሴቶች አውቶቡሱ እስኪጠፋ ስቴጅ በሚሉት መነሻ ላይ ቆመው ሸኟት። ከተመረቀችም በኋላ አልተመለሰችም። ዶክተር ሜርሲ የምትባል መምህርቷ ላቦራቶሪዋ ውስጥ አስቀረቻት።

ምን እንደምትሠራ የገባቸው አንድ ጊዜ ለዕረፍት ስትመጣ ነው። አረጋሽ በረንዳዋ ላይ የጎበዜን ሸራ ትጠግናለች። ጎበዜ ከሐዋሳ ጭነት ይዞ የሚመላለስ፣ አፉ ዝም የማይል ሹፌር ነው። ሐሴት ከቦርሳዋ ክዳን ያለው ቆርቆሮ አወጣችና ምንጣፉ ላይ ገለበጠችው። ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጡ ጥቁር ሳጥኖች ተንኮታኩተው ወደቁ። ስልኳን ነካ ስታደርግ ሳጥኖቹ ተንቀሳቀሱ፤ እየተገለበጡ፣ እየተፈላለጉ፣ ጎን ለጎን እየተጣበቁ መሰለፍ ጀመሩ።

ጎበዜ እግሩን ወደ ላይ ሰበሰበ።

“እትዬ አረጋሽ፣ ይቺ ልጅ ይሄን ሁሉ ዘመን የተማረችው ቅማል ለማሠልጠን ነው እንዴ?”

“ቅማል ቢሆኑማ ጋሼ ጎበዜ፣” አለች ሐሴት ቀና ሳትል፣ “ልምምዱን የምንጀምረው ከእርስዎ ሹራብ ነበር።”

“ስሟትማ! አፍም አስተምረው ልከዋታል!”

“ሮቦቶች ናቸው። እያንዳንዷ ትንሽ አእምሮ አላት፣ የምትገለበጥበት ጉልበት አላት፣ በየጎኗ ማግኔት አላት። ብቻዋን ምንም አትረባም። ብዙ ሲሆኑ ግን የፈለግነውን ቅርጽ ይሠራሉ። ወደፊት ከአሸዋ ያነሱ እናደርጋቸዋለን። ያኔ ቁሱ ራሱ ትእዛዝ ይሰማል። ዛሬ ኩባያ ሁን ስትይው ኩባያ፣ ነገ ማንኪያ፣ ከነገ ወዲያ የተሰበረ የመኪና ዕቃ መተኪያ።”

አረጋሽ መርፌዋን ይዛ አሰበችበት።

“ኩባያ ሆኖ ሻይ ከቀዳሁበት በኋላ ማንኪያ መሆን ቢያምረውስ?”

“ሳይታዘዝ አይቀየርም፣ እትዬ።”

“እንጃ። ኩባያ ነኝ ብሎ ቤቴ ገብቶ ማንኪያ ሆኖ የወጣ ሰው አውቃለሁ።”

ጎበዜ እስኪያስለው ሳቀ። ሀሊሞ ግን አልሳቀችም። የወተት ዕቃዋን አስቀምጣ ከሳጥኖቹ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ነበር። የሀሊሞ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ ሐሴትንም “አንተ” እያለች ነው ያሳደገቻት።

“አለቃ የትኛው ነው?” አለች።

“አለቃ የላቸውም አዮ። እያንዳንዷ የምታውቀው ጎረቤቷን ብቻ ነው። ጎረቤቷን እየጠየቀች ቦታዋን ታገኛለች።”

“ሽማግሌስ?”

“ሽማግሌም የለም።”

“ሲጣሉ ማን ያስታርቃል ታዲያ?” ሀሊሞ ራሷን ነቀነቀች። “ልጄ፣ አንተ መንደር ሠርተህ ሽማግሌ ረሳህ።”

ነገሩ በሳቅ አለፈ። ሀሊሞ ግን የልቧን ነው የተናገረችው፤ በልቧም ያዘችው።

ሐሴት የራሷን ድርሻ የነገረችው ለአረጋሽ ነው። ሌሎች ስለ መያያዝ ሲጨነቁ፣ እሷ የተጨነቀችው ስለ መልቀቅ ነው። አቧራ ባለበት ቦታ፣ ያ ጥቁር አሸዋ ማግኔቱ ላይ እየተለጠፈ ሳጥኖቹን ያለያያቸው ነበር። እሷ የሠራችው ማግኔቱ ራሱን የሚያጠፋበትን መንገድ ነው፤ ለቅጽበት ሲጠፋ አሸዋው ይራገፋል፣ እንደገና ይበራል፣ ጎረቤቱን ይይዛል።

“ፌስታሉ ማለት ነው፣” አለች አረጋሽ።

“ፌስታሉ፣” አለች ሐሴት፤ ለትንሽ ጊዜም ሁለቱም ወደ ቦዩ አቅጣጫ አዩ።

አንድ ድርቅ ካለፈ በኋላ በነበረው በጋ ሐሴት ፊቷ ጠቁሮ፣ ሰውነቷ ቀጥኖ መጣች። ሥራውን በገንዘብ የሚደግፈው ድርጅት ሊተወው እያመነታ ነው። ንጹሕ ክፍል ውስጥ፣ መስታወት ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ነገር ለማን ይጠቅማል አሉ። ሐሴት በስብሰባው መሃል ብድግ ብላ “ሞያሌ ኑ፤ አቧራችን ላይ ይሠራሉ” አለቻቸው። ሜርሲ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረግጣት ነበር፤ ቃሉ ግን ወጥቷል። የድርጅቱ ሰዎችም እሺ አሉ።

“ባይሆንስ?” አለች አረጋሽ።

“ባይሆን ሥራው ይዘጋል። እኔም ሻንጣዬን ይዤ እመጣለሁ። ሸራ ታስተምሪኛለሻ።”

ይሄን ያለችው እየሳቀች ነው። አረጋሽን ግን መርፌው ጣቷን ወጋት። ልጅቷ ስትመለስ በዓይነ ኅሊናዋ አየቻት፤ በረንዳው ላይ፣ ከሸራው ወዲያ ማዶ ተቀምጣ ክር ስታቀብላት። ደስ አላት። ደስ ስላላት ደግሞ በራሷ አፈረች፣ ምክንያቱም ልጅቷ ለዓመታት ዓይኗ እስኪቀላ የደከመችበት ነገር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አረጋሽ ጸሎት ስታደርስ ምን ብላ እንደምትለምን ግራ ገባት። “አንተ እንደወደድክ” ብላ ትጨርሳለች።

ለትርኢቱ የተመረጠው ከከተማው ወጣ ያለው ቡቲዬ ነው፣ ዱባ የሚባለው የሀሊሞ ወንድም ግቢ፤ ፍየል ሲረግጠው የኖረ፣ እንደ ዱቄት የላመ አፈር ያለው። አረጋሽ ሳጥኖቹ አፈር ውስጥ ገብተው እንዳይጠፉ የሚነጠፍ ነጭ ሸራ ሰፋች፤ ጠርዙን ደጋግማ አጠፈችው፣ ቀለበት አበጀችለት። ዕለቱ ሲደርስ ሐሴት ማለዳ ሳጥኖቹን በቆርቆሯቸው ለሀሊሞ አስረክባ፣ እንግዶቹን ለመቀበል በቦዳቦዳ ሞተር ወደ ከተማ ሄደች። አረጋሽና ዱባ ሸራውን መሬት ላይ ወጥረው ችካል ሲመቱ ቆዩ።

አረጋሽ ወደ ጥላው ስትመለስ፣ ሀሊሞ ቆርቆሮውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጣቷ በቅቤ እያበራ፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“እመርቃለሁ። ዛሬ ሥራ ይወጣሉ አይደል? እንዲሁ ይውጡ?”

“ሁሉንም ቀባሽ?”

“ሁሉን ለምን? ሽማግሌዎቹን ነው።” ሀሊሞ ጥቂቶቹን ለይታ አሳየቻት፤ ጎናቸው የተፋፋቀ፣ ቀለማቸው የለቀቀ፣ ከብዙ ሙከራ የተረፉ አሮጌዎቹን። “ሐሴት የለም አለ፤ ግን አሉ። እነዚህ ከሌሎቹ በፊት የተወለዱ ናቸው፣ ያስታውቃሉ። እነሱ ከተመረቁ ለልጆቹም ይደርሳል። ጭንቅላታቸው የት እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ዙሪያውን ቀባሁ።”

አረጋሽን ነገሩ ደስ አሰኛት። እሷም በሠርጓ ቀን አናቷ ላይ ቅቤ ተደርጎላታል፤ ትዳሩ ባይሰምርም ቅቤው ምን አጠፋ? ከጉዳት ጋር የሚገናኝ ነገር በሐሳቧ ውል አላለም። ቆርቆሮውን ከድና አስቀመጠችው።

እንግዶቹ በመኪና መጡ። ድርጅቱ የላካት ፀጉሯን ያሳጠረች ጠና ያለች ሴት፣ ካሜራ የያዘ ወጣት፣ እና ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሜርሲ። ዱባ ወተት አቀረበ። እንግዳዋ ጠጣች፤ ሀሊሞም በዚህ ወደደቻት። ሐሴት ሸራው ላይ በእጇ የግቢውን አፈር በተነች፣ በአንድ በኩል የጠርሙስ ክዳን አስቀመጠች፣ በሌላ በኩል ሁለት ጡቦች አራርቃ አቆመች። ሳጥኖቹ መጀመሪያ በክዳኑ ዙሪያ ክብ አጥር ይሠራሉ፤ ቀጥሎ ክቡን አፍርሰው ከጡብ ወደ ጡብ ድልድይ ይሆናሉ። ቆርቆሮውን ገለበጠችው፣ ስልኳን ነካች።

ሳጥኖቹ ተንቀሳቀሱ። ንፋስ ይነፍሳል፣ አቧራው ይወርድባቸዋል፣ ጥቁሩ አሸዋ ይለጠፍባቸዋል። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዓይን እንደመጨፈን ያለ ነገር ያደርጋሉ፤ አሸዋው ፍስስ ይላል። ሜርሲ እጇን አጨበጨበች። አረጋሽ ምንታምርን አሰበች።

አንዳንዶቹ ግን በወደቁበት ቀሩ። ለመገልበጥ ይሞክራሉ፤ አሸዋው ግን ቅቤው ላይ ቂጣ ሆኖ ተጋግሯል፣ ማግኔቱ ቢጠፋም አይራገፍም። ሌሎቹ እየመጡ ጎናቸውን ይነካሉ፣ ትንሽ ይጠብቃሉ፣ መልስ ሲያጡ ያልፏቸዋል። በክዳኑ ዙሪያ የተጀመረው ክብ የእነዚያ ቦታ ክፍት ሆኖ ቆመ። ከዚያ ሳጥኖቹ ከወዲያና ከወዲህ ጠጋ ጠጋ አሉ። አንዱ ሌላውን እየገፋ፣ አንዱ ለሌላው ቦታ እየለቀቀ። ክቡ ጠበበና ተዘጋ።

አረጋሽ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ይሄን ነገር አይታዋለች። ሮቦት የሚባል ቃል ሳትሰማ፣ ከቀብር መልስ፣ በራሷ ግቢ አይታዋለች።

“እነዚያ ለምን ቆሙ?” አለች እንግዳዋ።

ሜርሲ ጎንበስ ብላ አንዱን አነሳች። ከጣቷ ሙልጭ አለባት። ጣቷን አሸተተች፣ ግንባሯ ተቋጠረ። “ሳምሊ?” አለች በስዋሂሊ። ቅቤ?

“አዎ!” አለች ሀሊሞ ከኋላ፣ በኩራት። “እኔ ነው የቀባሁ! ሽማግሌዎቹን!”

ሁሉም ሐሴትን አዩ። ሐሴት ሀሊሞን አየች፣ ሳጥኖቹን አየች፣ በጡቦቹ መሃል ያለውን ባዶ አየች። አረጋሽ ፊቷን ስለምታውቀው ሒሳቡን ስትሠራ አየቻት። ያለ እነዚያ ድልድዩ አይደርስም።

ሜርሲ ከቦርሳዋ አልኮልና ጥጥ አወጣች። “ችግር የለም፣ ጠርገን እንደግመዋለን።”

አረጋሽ ነገሩ ገባት። በጎልቦ ሰው ዘንድ ቅቤ የቀባ ሰው ቆሞ እያየ ቅቤው አይጠረግም። የጠረገ ሰው “ምርቃትሽን ውሰጂ” እንዳላት ይቆጠራል፤ ያውም በወንድሟ ግቢ፣ በእንግዳ ፊት። አንድ ዘዴ መጣላት።

“ሀሊሞ፣ ነይ እስቲ፣ ፍየሎቹ ወዲያ በኩል ወጥተው እንዳይሆን፣ አብረን እንይ።”

“ፍየል እረኛ አለው።”

“ለእንግዶቹ ወተት እንጨምር በያ።”

“ዱባ አለ። አረጋሽ፣ አንተ ምን ሆንክ ዛሬ? ልጆቼ ይሠራሉ፣ እኔ ወተት ልቅዳ? የትም አልሄድም።” እንዲያውም መሬት ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

ሜርሲ ጥጡን ነክራ ጎንበስ ስትል፣ ሐሴት እጇን ያዘቻት።

“ተዪው።”

“ምን ማለትሽ ነው?”

“አይጠረግም። እንዲሁ እንቀጥላለን።”

“ሐሴት፣ አይደርስም እኮ። አንቺም ታውቂያለሽ።”

“አውቃለሁ።”

ሜርሲ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በስዋሂሊ ብዙ ተናገረች፤ አረጋሽ ከመሃሉ “አብደሻል” የሚለውን ብቻ ለየች። ሐሴት ግን ወደ እንግዳዋ ዞረች። “እዚህ አገር ሥራ የሚጀምር ሰው ቅቤ ይቀባል። ያሳደገችኝ እናቴ ቀብታቸዋለች። እሷ እያየች አልጠርገውም። እኔም የጠራኋችሁ የቡቲዬ አፈር ላይ የሚሆነውን እንድታዩ ነው፤ የሚሆነው ይሄ ነው። ክቡ ተዘግቷል። ድልድዩ ግን አይደርስም። እዩት።”

ስልኩን ነካች። ክቡ ፈረሰ። ሳጥኖቹ ወደ ጡቡ ተንከባለሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተሳበ ወጣ፣ ድልድዩ ከአንደኛው ጡብ ጫፍ ወደ ባዶው ተዘረጋ። ቀጠለ። ቀጠለ። ሁለተኛው ጡብ ጋ ሊደርስ ሁለት ጣት ሲቀረው ሰው አለቀበት። ጫፉ ላይ የነበረችው አንዷ ወደ ፊት ተገለበጠች፣ የምትይዘው አጣች፣ ተመለሰች። እንደገና ሞከረች። ተመለሰች። ከዚያ ሁሉም ባሉበት ቆሙ። የሸራው ጠርዝ በንፋስ ይማታል።

“እልልልል!” አለች ሀሊሞ።

ማንም ያልጠበቀው ነገር ስለነበር ካሜራ የያዘው ወጣት ደነገጠ።

“ምን ያስለቅሳችኋል?” አለች ሀሊሞ የሰዉን ፊት አይታ። “ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ልጆቹ ሠሩ። እንዲህ ነው እንጂ! እኔ ፈርቼ የነበረው ሽማግሌዎቹም አብረው ይሮጣሉ ብዬ ነው።”

ሐሴት ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። ሄዳ ሀሊሞን አቀፈቻት፣ በቦረንኛም “ገለቶሚ፣ አዮ” አለቻት፤ አመሰግናለሁ እናቴ። እንግዳዋ አልሳቀችም። የቆሙትን ሳጥኖች አንድ በአንድ ጎንበስ ብላ አየች፣ ከዚያ የተዘጋው ክብ አፈሩ ላይ ጥሎት የሄደውን ዱካ ለረጅም ጊዜ አየች። ወተቷን ጨርሳ መኪና ውስጥ ገባች። ሜርሲም የመኪናውን በር በኃይል ዘግታ ተከተለች።

ከሰዓት በኋላ አረጋሽና ሐሴት ሸራውን አንስተው አራገፉ፤ አንዷ በዚያ ጫፍ፣ አንዷ በዚህ።

“አይሰጡሽም ብለሽ ታስቢያለሽ?”

“እንጃ እትዬ። እኔ ብሆን አልሰጥም ነበር።”

“ሀሊሞን ዞር ላደርጋት ሞክሬ ነበር።”

“አይቻለሁ። ጥጉን ያዢው፣ መሬት እየነካ ነው።” ሸራውን አጥፈው አንዴ ተገናኙ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ተገናኙ። “ብመለስ ደስ ይልሽ ነበር አይደል?”

አረጋሽ መዋሸት አልቻለችበትም። “ሁለቱንም ነው የፈለግሁት። ይሳካልሽም፣ ትመጪልኝም። አንድ ላይ እንደማይሆን እያወቅሁ።”

ሐሴት የሸራውን ጫፍ ከእጇ ተቀበለች። “አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያው ነኝ፣” አለች።

መልሱ የመጣው የበጋው ንፋስ ካቆመ በኋላ ነው። አረጋሽ በረንዳዋ ላይ ነበረች፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ ከሐሴት ሰማችው። ድርጅቱ የተጠየቀውን ሁሉ አልፈቀደም። ኩባያ ማንኪያ የሚሆነውን ሥራ ትቶታል፤ ሜርሲም በዚህ ለሳምንታት አኩርፋ ከርማለች። የፈቀደው አንዱን ክፍል ብቻ ነው፦ አንዳንዶቹ ሳጥኖች ሲቆሙ የቀሩት ቦታ ተቀያይረው ሥራውን የሚቀጥሉበትን ዘዴ። በአቧራ፣ በጭቃ፣ በቅባትም ሁሉ እንዲሞከር። ያን ሥራ የምትመራው ሐሴት ናት። ስለዚህ እዚያው ናይሮቢ ትቀራለች።

“እሰይ፣” አለች አረጋሽ። “እሰይ ልጄ። እሰይ።”

“ታዝናለሽ?”

“ከአውቶቡስ ወርደሽ ብትመጪ የሚያዝን ሰው አለ? እዚያ ቀርተሽ ብትሠሪም ያው ነው። ሂጂ በይ፣ ሸራ አለብኝ።”

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ሸራውን አልነካችም። ጫማዋን አውልቃ እግሯን በረንዳው ጠርዝ ላይ አንጠለጠለችና ምንም ሳትሠራ ተቀመጠች። ያን ዕለት ለእራት ሲቀመጡ ሐሴት በዕረፍት ስትመጣ የምትቀመጥበት ቦታ እንደ ወትሮው ክፍት ነበር፤ ሁለቱ ሴቶች ለዓመታት ሳይነጋገሩ የጠበቁላት ቦታ ነው። አረጋሽ ዜናውን ለሀሊሞ ነገረቻት። ሀሊሞ “አልሐምዱሊላህ፣ ሽማግሌዎቹ ናቸው” አለች። ትንሽ ቆይታም ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፤ ምንጣፏን ሳበችና አረጋሽ አጠገብ፣ ክፍቱ ቦታ ላይ አነጠፈችው።

“ሲመጣ እንነሳለታለን፣” አለች።

“እንነሳላታለን፣” አለች አረጋሽ።

ቅቤውን ሐሴት የጠረገችው ናይሮቢ ከደረሰች በኋላ ነው። ይሄን ለሀሊሞ የነገራት የለም።

አሁን ሐሴት ናይሮቢ ናት። ንጋራ በሚባለው ሰፈር፣ ከሜርሲ ላቦራቶሪ በእግር በሚደረስበት ቦታ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ለኢድ ደውላ ነበር፤ ለፋሲካ አልመጣችም።